ፈፋ ውስጥ የተኛችው ቀይ መኪና

ቀይዋ መኪና እንዴት ፈፋ ውስጥ እንደገባች አዛናው የሚያወራው ሌላ፣ ኢሳ የሚያወራው ሌላ ነበር።

አዛናው ገበሬ ነው፤ ንብም ያነባል። እሱ እንደሚለው፣ በሠላሳ አንድ ክረምት ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ሳለ የጥልያኑ መቶ አለቃ ጠጥቶ እየዘፈነ መጣ። የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውኃ ለብሶ ነበር። ሰውየው መኪናዋን እንደ ፈረስ ፈፋውን ሊያዘልላት አስቦ ነዳት። እሷ አልዘለለችም፤ እሱ ግን ዘለለ። ጭቃው ላይ ተደፍቶ፣ ጎርፉ መኪናዋን እያንከባለለ ሲወስዳት ቁጭ ብሎ አየ። «በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ማን ሊያስክደኝ ነው?» ይላል አዛናው።

ኢሳ ደግሞ ነጋዴ ነው፤ መተማ ገበያ ጥግ ግመል እየዞረ የሚያሽከረክረው የሰሊጥ መጭመቂያ አለው። መቶ አለቃው ሎሚና ሲጋራ የሚገዛው ከእሱ ነበር። ኢሳ እንደሚለው ሰውየው ያን ቀን ጠብታ አልቀመሰም። ወደ ጎንደር ተዛወር ተባለ፤ አለቃው ደግሞ መኪናዋን ትተህልኝ ሂድ አለው። እሱም «ለዚህ ከምሰጣትስ መሬት ይብላት» ብሎ የሞተሯን ነፍስ አውጥቶ ኪሱ ከተተና በገዛ እጁ ገፍቶ ፈፋ ውስጥ ጣላት። «ነፍሷን አሳይቶኛል» ይላል ኢሳ። «ጣት የምታህል ዕቃ ናት፤ ወላሂ።»

ሁለቱም የታመኑ ሰዎች ናቸው። አዛናው ማሩን በውኃ አያበዛም፤ ኢሳም ሚዛኑን በጣቱ ደግፎ አያውቅም። ስለዚህ ገበሬው ለአዛናው፣ ነጋዴው ለኢሳ አደላና ወሬው የጥላ ሥር ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ፈረደና ሚስቱ አገኘሽ ከስደት ሲመለሱ ግን ልዩነቱ ትልቅ ጉዳይ ሆነ። አዛናው እውነቱን ከሆነ መኪናዋ ተኝታለች፤ ዝገቷን አራግፎ መቀስቀስ ይቻላል። ኢሳ እውነቱን ከሆነ ግን ፈረደ የሚደክመው ሬሳ ሲያጥብ ነው።

ፈፋው የሚገኘው አገኘሽ ከአባቷ በወረሰችው መሬት ዳርቻ ነው። በጥልያን ጊዜ ባልና ሚስቱ ድንበር ተሻግረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተቀመጡ። እሷ የሰው ሰሊጥ ስታርም፣ የሰው ማሽላ ስትቆርጥ ኖረች። ጎንበስ ብላ ባረመች ቁጥር በልቧ አንድ ነገር ትምል ነበር፤ አገሬ በገባሁበት ክረምት ከገዛ መሬቴ ዘርቼ እበላለሁ ትላለች። በሠላሳ ሦስት ጥር ጥልያን መተማን ለቆ ሲወጣ እነሱ ገቡ። ቤቱ ተቃጥሎ ጠበቃቸው። ፈረደ በአገዳና በሣር ጎጆ ቀለሰ፣ ሞፈርና ቀንበር ጠረበ። ሁለት በሬዎችም ከገዳሪፍ ነድተው መጥተዋል። የጎደለው ማረሻ ብቻ ነበር። ማረሻ ያጡት ደግሞ እነሱ ብቻ አልነበሩም። በጦርነቱ ወታደር በመጣ ቁጥር ብረት የተባለ ሁሉ ተለቅሞ አልቋል፤ ገበያ ላይም ባለጁ ዓሊ ወናፉን ዘርግቶ፣ የሚቀጠቅጠው አጥቶ፣ የሰው ጫማ ሲሰፋ ይውላል።

አገኘሽ ፈፋው አፋፍ ላይ ቆማ ወደ ታች ስታይ ማረሻ ታያት። ፈረደ አጠገቧ ቆሞ ሲያይ መኪና ታየው።

«ይኼ ሁሉ ብረት ከደጃችን ተኝቶ እኛ ማረሻ አጣን እንላለን» አለች።

ፈረደ ግን ወርዶ የሞተሩን ክዳን በክርኑ እያሸ ነበር። ክዳኑ ከላይ ዝገት ነው፤ ከሥሩ ግን እንደ በርበሬ የቀላ ቀለም ብቅ አለ። ጣራ የላትም። ወንበሯ ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ኋላዋ እንደ ዓሣ ጭራ የሾለ፣ ሆዷ ለመሬት የቀረበ ነው።

«አገኘሽ፣ ይቺ የጭነት አይደለችም» አላት ከታች ሆኖ። «ለእሽቅድምድም የተሠራች ናት።»

«ከማን ጋር ልትሽቀዳደም ነው? ከኢሳ ግመል ጋር?»

ፈረደ ገዳሪፍ ላይ የአንድ ግሪካዊ ነጋዴ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አጥቧል፣ ቅባት ቀብቷል፣ ማኖቤላ በሚሉት ጠማማ ብረት ሞተር እያሽከረከረ ሲያስነሣ ክንዱ ወልቆ ያውቃል። መሪ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጨበጠም። ግሪካዊው «አንተ እጅህ ጥቁር ነው፤ መሪውን ታቆሽሸዋለህ» ይለው ነበር። የዘይቱን ጥቁረት ማለቱ ይሁን ሌላ፣ ፈረደ ጠይቆት አያውቅም። አገኘሽ ይህን ስለምታውቅ ነገሩን በቁጣ አልጨረሰችውም። ወደ ሽማግሌው ወደ አያ ውባንተ ይዛው ሄደች።

አያ ውባንተ ሁለቱንም ሰሙ። ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«መሬቱ የአገኘሽ ነው፤ መሬቱ ላይ የወደቀውም የእሷ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ባል ደግሞ ምኞት አያጣም። ብረቱ እንደሆን ቢቆይ አይሸትም። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን እስኪያርሰው ይሞክር። ተነሥታ ከሄደች ትሂድ። ካልሄደች ብረት ናት፤ ለዓሊ ትሰጣለች።»

«አያ ውባንተ፣ እርስዎ መኪና ሲሄድ ለማየት ፈልገው ነው እንጂ ይኼ ፍርድ አይደለም» አለች አገኘሽ።

«እሱም አለበት» አሉ አያ ውባንተ።

መኪናዋን ከፈፋው ማውጣት የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። ደቦ እንዳይጠራ ደቦ ጠላና እህል ይሻል፤ የእነ ፈረደ ጎተራ ደግሞ ባዶ ነው። ስለዚህ ወንፈል ጠራ። ወንፈል ድግስ የለውም፤ የሠራልህን ሰው ቀኑን በቀን ትመልስለታለህ፣ አለቀ። አዛናው በሬዎቹን ነድቶ መጣ። ኢሳ ግመሉን ከመጭመቂያው ፈትቶ አመጣ። የመንደሩ ሰው ገመድ ገመዱን ይዞ ተሰበሰበ። ፈረደ ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ ልቡ ሞቀና አፋፉ ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ።

«ቀናችሁን እኔ አይደለሁም የምመልሰው» አለ። «እሷ ናት። ተነሥታ ስትሄድ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ቀን ሙሉ ትሸከማለች። ሳትነሣ ከቀረች ደግሞ ብረቷን ትካፈላላችሁ።»

ሰዉ በደስታ ሆ አለ። አገኘሽ ከኋላ ሆና እንስራዋን ልትጥል ነበር። ሳያማክራት የእሷን ብረት ለአገር አደለው። ከሰው ፊት ባሏን አታዋርድምና ጥርሷን ነከሰች፤ ማታ ግን እራቱን ካቀረበችለት በኋላ «የምታድለው ሌላ ነገር ካለህ ንገረኝ፤ ጎጆውንም አራግፌ ልጠብቅህ» አለችው። ፈረደ እራቱን ሳይጨርስ ተኛ።

መኪናዋ ግን ወጥታለች። የኢሳ ግመል ሁለት ጊዜ ተንበርክኮ አልጎትትም ብሏል፤ አዛናው ላይም ተፍቶበታል። ኢሳ «ውሸት የሚያወራውን ይለያል» አለ። አዛናው ምራቁን በቅጠል እየጠረገ «ግመልህም እንዳንተ ወሬ ያመነዥካል» ብሎ መለሰለት። መኪናዋን በአገዳ ዳስ ሥር፣ ከጎጆው ደጃፍ አሳረፏት።

ከዚያ ፈረደ ሥራውን ጀመረ። ኢሳ ከመጭመቂያው ሥር የሚቀረውን የሰሊጥ ዝቃጭ በቅል አመጣለት። ፈረደ ዝቃጩን ከደቃቅ አሸዋ ጋር ለውሶ፣ በጆንያ ቁራጭ ዝገቱን ከማለዳ እስከ ጥላ መዞሪያ ያሻል። ዝገቱ ሲለቅ ሥሩ አንዳንድ ቦታ ቀይ፣ አንዳንድ ቦታ የብረት መልክ ሆኖ ወጣ፤ መኪናዋ ዥጉርጉር ላም መሰለች። የሾለው ኋላዋ ውስጥ የንብ መንጋ ሰፍሮ ኖሮ አዛናው በጭስ አግባብቶ ቀፎው ውስጥ አስገባው።

«እንግዲህ ቀንህን በንብ ተቀብለሃል» አለው ኢሳ።

«ንቡ በራሱ የመጣ ነው» አለ አዛናው። «ቀኔ ቀኔ ነው።»

ሞተሩ ደርቆ ተጣብቆ ነበር። ፈረደ ካንዴላ የሚባሉትን እሳት ጫሪዎች ነቅሎ በየቀዳዳው ዘይት እየሞላ ተወው። በየጠዋቱ ከማኖቤላው ጋር ረጅም እንጨት አስሮ ይንጠለጠልበታል። አንድ ጠዋት ሲንጠለጠል እንጨቱ ሳይታሰብ ወረደና ፈረደ በአፍጢሙ ተደፋ። ከመሬቱ ሳይነሣ ሳቀ። ሞተሩ ለቋል።

የደስታው ዕድሜ አጭር ነበር። ያኑ ቀን ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያድለውን ዕቃ ክዳን ሲከፍት ውስጡ ባዶ ነበር። መሐል ላይ እየዞረች ለአራቱም ካንዴላዎች እሳት የምታቀብለው፣ ጣት የምታህለው ዕቃ የለችም።

ኢሳ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «አልሐምዱሊላህ። አላልኳችሁም?»

አዛናው ወንበሩን ያነሣ ጀመር። ከሥሩ ጭቃ የጠጣ፣ አንገቱ የተሰበረ የወይን ጠጅ ጠርሙስ አወጣና ኢሳ እግር ሥር አስቀመጠው። «ጠብታ አልቀመሰም ያልከው ሰው የጣለው ነው» አለ።

ሁለቱ ጠርሙሱንና ባዶውን ክዳን ይዘው እየተከራከሩ ወደ ገበያ ሄዱ። ፈረደ ዳሱ ምሰሶ ላይ ጀርባውን ጥሎ ቀረ። አገኘሽ ከበሬዎቹ ስትመለስ እንዲሁ ተቀምጦ አገኘችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ዝናቡ ቀርቧል፣ መኪናዋ ሬሳ ናት፣ ብረቱም ተከፋፍሎም ቢሆን ይደርሳታል። ግን እጁን አየችው። የእጁ ቆዳ በአሸዋው አልቆ እንደ ሕፃን ቆዳ ቀልቷል።

«ምን ዓይነት ነገር ናት?» አለችው።

ፈረደ መሬቱ ላይ በስንጥር ሥሎ አሳያት። «ጫፏ እሳት የሚያሳልፍ መሆን አለበት። እጀታዋ ደግሞ እሳት የማያሳልፍ።»

«ለጫፏ ምን ታስባለህ? ሜዳው ሙሉ ቀለሃ ነው» አለች። እውነትም ከእንግሊዝና ከጥልያን የኅዳር ውጊያ የቀረ የጥይት ቀለሃ ዶሮ እንደጫረችው እህል በየቦታው ተበትኖ ነበር። «ለእጀታውስ እንጨት አይሆንም?»

እንጨት ጠረበ፤ አልሆነም፤ እሳቱ በእርጥበቱ ሾልኮ የእጁን ጅማት አስዘለለው። ከዚያ የበሬ ቀንድ ሞረደ፤ ቀንዱ ጫፍ ላይ ከቀለሃ የቆረጠውን ነሐስ ሰካ። ቀንዱ እሳቱን ከለከለ፣ ነሐሱ አሳለፈ። ፈረደ ሦስት ጊዜ ሰብሮ በአራተኛው የተሳካለትን ያን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

ራዲያተሩ፣ ማለትም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውኃ ቤት፣ እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር። ኢሳ «ይኼ ለእኔ ይተው» ብሎ ከመጋዘኑ ሙጫ አመጣ። አቅልጠው ቀዳዳውን ሁሉ ደፈኑት። ሲደርቅ እንደ መስተዋት አበራ። ውኃ ሞሉት፤ አንዲት ጠብታ አልወጣም። ኢሳ ሙጫውን እያሞገሰ፣ የእሱ ሙጫ እስከ ካርቱም እንደሚፈለግ እየነገራቸው ሳለ ውኃው ባንዴ ተዘረገፈና ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ አራሰው።

አዛናው ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። «የግራር ነው። ኢሳ፣ ዕድሜ ልክህን ሙጫ ስትነግድ የግራር ሙጫ ውኃ ውስጥ እንደሚሟሟ አልሰማህም?»

«የዕጣን ዛፉን መስሎኝ ነው» አለ ኢሳ ጀለቢያውን እየጨመቀ። «አንድ ጆንያ ውስጥ ተደባልቀው ነው። እኔ እሸጠዋለሁ እንጂ አልጠጣው።»

በዚህ ጊዜ አገኘሽ ሳትጠራ መጣች። የሚያፈስ ድስት እናቷ ተልባ አፍልታ ነበር የምትደፍነው። እፍኝ የተፈጨ ተልባ ውኃው ውስጥ በትና «አፍሉት» አለች። ራዲያተሩ ጥቂት አለቀሰ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ሦስቱ ወንዶች ተያዩ። አገኘሽ «የሚቀረው ተልባ ለእራት ነው» ብላ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ዳሱ ሥር መዋሏን ራሷም አላወቀችውም። የወንበሩ ቆዳ በስብሶ አልቆ ነበርና ፈረደ በጠፍር ሊሠራው ጀመረ። ቋጠሮው አላስቻላትም። ከእጁ ነጥቃ፣ የወንበሩን ብረት እንደ አልጋ በጠፍር ጠልፋ ጨረሰችው። ጎማዎቹ ውስጥ የሚነፋ ነገር ስላልነበረ ሣርና የማሽላ ገለባ ጠቅጥቀው አፋቸውን በጅማት ሰፉ። ኢሳም ከድንበሩ ማዶ ቀላባት ወርዶ፣ ለእንግሊዝ ጭነት ነጂዎች ፍየል ሰጥቶ አንድ ቆርቆሮ ቤንዚን ይዞ መጣ።

የግንቦት ሰማይ ከሱዳን በኩል መጥቆር በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ፈረደ የአንገቱን ቁራጭ ከጨርቁ ፈትቶ በቦታው ሰካና ማኖቤላውን አዞረ። መኪናዋ ሳለች። ደግሞ አዞረ። ከጭስ መውጫዋ አፈርና የምስጥ ክንፍ ተፋች። ደግሞ አዞረ፤ አጓራች፣ ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ፣ የኢሳ ግመል ገመዱን በጥሶ ወደ ጓንግ ጋለበ። ፈረደ ማኖቤላውን ጥሎ ዘሎ ገባና መሪውን ጨበጠ። መኪናዋ እንደ አዲስ ጥጃ እየተንገዳገደች ዳሱን ይዛው ወጣች። ምሰሶው ወደቀ፣ አገዳው አናቱ ላይ ተበተነ፤ እሱ ግን መሪውን አልለቀቀም።

በማግሥቱ ወንፈል የሠሩት ቀናቸውን ሊጠይቁ መጡ። መጀመሪያ ቀኑን የጠየቀው አዛናው ነው፤ ከመተማ ገበያ ሁለት ጆንያ የዘር ማሽላ ነበረው። ጆንያዎቹን የሾለው ኋላዋ ላይ ሲጭኑ መኪናዋ ሆዷን መሬት ላይ አሳርፋ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተቀመጠች። ጎማዋም ከክዳኑ ጋር ተፋትጎ አልዞር አለ። አንዱን ጆንያ አወረዱ፤ ጥቂት ሄዳ እንደገና ተቀመጠች። ሌላውንም አወረዱ፤ ያኔ ፈረደና አዛናው ብቻቸውን እስከ ጎጆው ደጃፍ በረሩ።

«ከእጅ አይሻል ዶማ» አለ ደጃፉ ላይ ከሚጠብቁት አንዱ።

ክርክሩ እዚያው ፈነዳ። ግማሹ «ተነሥታለች፤ ፈረደ ያለውን ፈጽሟል» አለ። ግማሹ ደግሞ «ትሸከማለች ነው ያለን፤ የማትሸከም ከሆነ ብረት ናት፤ ብረታችንን እንካፈል» አለ። አዛናው ራሱ ሁለት ልብ ሆነ፤ ማሽላው ገበያ ቀርቶበታል፣ ፊቱ ላይ ግን ገና የነፋሱ ሳቅ አለ። ሰማዩ ከሩቅ አጉረመረመ።

አያ ውባንተ ተጠርተው መጡ። የሁለቱንም ወገን ቃል ሰሙ። «ስንዋዋል ይኼን አላሰብነውም» አሉ። «ተነሥታ የማትሸከም አለች ብሎ ማን ጠረጠረ? እንግዲህ ሦስት መንገድ አለ። ይፈርሳል፤ ወይም ፈረደ የእያንዳንዱን ቀን በገዛ ጫንቃው ይመልሳል፤ ወይም የማላውቀው ሌላ ብልሃት ይገኛል። መሬቱ የአገኘሽ ነውና እሷ ትፈርዳለች።»

ሰው ሁሉ ወደ አገኘሽ ዞረ። ፈረደ በጫንቃው ከመለሰ ክረምቱን ሙሉ የሰው መሬት ላይ ይውላል፤ የእሷ መሬት ጦም ያድራል፤ የማለችውም መሐላ ገዳሪፍ እንደቀረ ይቀራል። ቢፈርስ ደግሞ ማረሻ ይገኛል። ፈረደ ቀና ብሎ አላያትም፤ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ባዶ ጨርቅ ይዳስስ ነበር።

ልትናገር ስትል አያ ውባንተ ዱላቸውን አነሡ። «ቆይ ልጄ። ሳይቀምሱ ጣዕም አይፈረድም። መጀመሪያ ተቀመጪባት።»

«ምን ልሠራ?»

«ተቀመጪባት ብያለሁ።»

አገኘሽ ነጠላዋን አጥብቃ ተቀመጠች። የጠለፈችው ጠፍር ከሥሯ ሲጥ አለ። ፈረደ መኪናዋን ጥልያን ወደ ሸሕዲ ያስጠረገው መንገድ ላይ አወጣት። መጀመሪያ ቀስ አለ፤ ከዚያ ሜዳው ሲገለጥ እግሩን ጫነ። ሣሩ ከዓይኗ ትይዩ ሆኖ ወደ ኋላ ፈሰሰ። ጅግራዎች ከመንገዱ እየተበተኑ ተነሡ። ነጠላዋ ከራሷ ተነጥቆ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ።

«ቀስ በል» አለች።

ፈረደ ቀስ አለ።

ትንሽ ሄዱ። «ማን ቀስ በል አለህ» አለችው።

ጎኑን አየችው። ስደት ላይ ያላየችው ፊት ነበር፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ አቧራ እየዋጠ ይስቃል። እሷም መሳቋን ያወቀችው አቧራው ጥርሷ ላይ ሲንቀጫቀጭ ነው። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ወገቧን ይዛ ጠበቀች፤ ግን ምንም አልደረሰባትም። ከሥሯ የሆነ ነገር ጎንበስ ቀና እያለ ድንጋዩን ይቀበልላታል።

«ይኼ ከሥሬ የሚያረገርገው ምንድን ነው?»

«ባሌስትራ ነው» አላት። «የተደራረበ ልስልስ ብረት። እሷን እሷ ያደረጋት እሱ ነው።»

ሲመለሱ ባለጁ ዓሊ መዶሻውን ይዞ ደርሶ ነበር። መኪናዋ እንደቆመች ሥሯ ገብቶ ተጋደመ፤ እዚህም እዚያም ቀጠቀጠ። ክዳኑ «ቋ» አለ። ጎኗ «ቋ» አለ። ከዚያ የሆነ ቦታ ሲመታ «ዥው» የሚል ረጅም ድምፅ ወጣ። ዓሊ አቧራውን እያራገፈ ወጣ።

«እውነቱን ልንገራችሁ» አለ። «ከላይ ያለው ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ከሱ ማረሻ አይወጣም፤ ማንቆርቆሪያ ልሠራላችሁ እችላለሁ። ሞተሩም ፍርክርክ ብረት ነው፤ ብመታው ይሰበራል። ማረሻ የሚሆነው ባሌስትራው ብቻ ነው። እሱ ግን ወርቅ ነው። የኋላዎቹ ወፍራም ናቸው፤ ለጎተታችሁት ሁሉ ይበቃሉ።»

ጎማ የተሸከመ፣ ገመድ የጎተተ ሁሉ መኪና ሙሉ ማረሻ ሲቆጥር ከርሞ ነበር።

«ባሌስትራዋን ከወሰድክባት ምን ቀራት?» አለ ፈረደ። «ድንጋዩን ሁሉ በአጥንታችን ልንቀበለው ነው? እንዲህማ ከሆነ የበሬ ጋሪ ናት።»

«እኔ የጠየቃችሁኝን ነው የመለስኩት» አለ ዓሊ። «አፍርሱ አላልኩም።»

ኢሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ በበኩሌ ቀኔን ትቻለሁ። ያልኩት እውነት መሆኑ ታይቷል፤ ይበቃኛል።»

«ግማሹ ነው እውነት የሆነው» አለ አዛናው።

«እናንተ ሰዎች ዝም በሉ» አሉ አያ ውባንተ። «አገኘሽ፣ ቀምሰሻል። ፍረጂ።»

አገኘሽ ከመኪናዋ አልወረደችም። ከዓሊ መዶሻ ወደ ባሏ፣ ከባሏ ወደ መሬቷ አየች። ከጓንግ ማዶ የዝናቡ ጥቁር መጋረጃ ወርዷል፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ሜዳው ላይ ደርሷል። ነፋሱ ገና ጉንጯ ላይ ነበር። ከሥሯ ያ ልስልስ ብረት ክብደቷን ይዞ ዝም ብሏል። ነጠላዋን ከአንገቷ አንሥታ ራሷ ላይ መልሳ አሰረች።

«ስሙኝ» አለች። «ቀናችሁ ቀን ነው፤ አልክደውም። ባሌን ግን ለክረምቱ አልሰጣችሁም። ዓሊ የኋላዎቹን ባሌስትራዎች ይፍታ። ለጎተተው ሁሉ ማረሻ ይሥራ፤ መጀመሪያ የሚወጣው ግን የእኔ ነው። የፊቶቹ አይነኩም። ለኋላዋ ከበረሃው የሽመል ቀርከሃ ቆርጠን፣ ጠምረን፣ በእርጥብ ጠፍር አስረን እናስገባለን። ትንገጫገጫለች፤ እናውቃለን፤ እንችለዋለን። ፈረደ፣ ከእንግዲህ ቀስ ብለህ ትነዳለህ፤ እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ።»